ግራዋ ባክቴሪያ ገደለ ሲባል ምን ማለት ነው?

በቴሌግራምና በፌስቡክ ደጋግሞ የሚዞር አንድ ዓይነት ወሬ አለ። «ግራዋ ባክቴሪያ እንደሚገድል በጥናት ተረጋገጠ» ይላል። ነገ ጥቁር አዝሙድ ይሆናል፤ ከነገ ወዲያ ሽፈራው ወይም ቀበሪቾ። ከሥሩ «እኛማ ድሮም እናውቀዋለን» የሚል አስተያየት ይደረደራል። አንዱ ደግሞ «በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚጠጣው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ሰው ምናልባት የታመመ ሰው ነው። ምናልባት የታመመች እናት አለችው። ስለዚህ ጥያቄው የምር መልስ ይገባዋል።

ጥናቱ ብዙ ጊዜ ውሸት አይደለም። አንድ ተማሪ ለሁለተኛ ዲግሪው ለወራት ደክሞበታል፤ የለካውን በትክክል ጽፏል። ችግሩ ጥናቱ የመለሰው ጥያቄ ሌላ፣ እኛ የሰማነው መልስ ሌላ መሆኑ ነው። በሕክምናም፣ በመድኃኒት ዕፅዋትም፣ በእንስሳት ጤናም አነስተኛ ጥናቶች በየጊዜው ይወጣሉ። እንዴት እንደሚነበቡ ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል።

እስቲ ላብራቶሪው ውስጥ ገብተን እንየው። ቅጠሉ ይለቀማል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ዱቄቱ ሜታኖል ወይም ኢታኖል ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል። ከዚያ ይጣራና አልኮሉ እንዲተን ይደረጋል። የሚቀረው የሚያጣብቅ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ነው። በሌላ በኩል ክብ የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ባክቴሪያ የሚያድግበት፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋ ምግብ ይፈስሳል። ላዩ ላይ ባክቴሪያው በጥጥ ይቀባል። ከዚያ 6 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ክብ የወረቀት ዲስክ የዕፁ ጭማቂ ጠብ ተደርጎባት መሃል ትቀመጣለች። ሳህኑ በ37 ዲግሪ ሙቀት ያድራል። ጠዋት ሲታይ ባክቴሪያው ሳህኑን አልብሶታል። በዲስኳ ዙሪያ ግን ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ አለ። ተማሪው በማስመሪያ ይለካዋል። 14 ሚሊሜትር ሆነ እንበል። «ገደለ» የተባለው ይህ ነው። ከ14ቱ ውስጥ ደግሞ 6ቱ የዲስኳ የራሷ ስፋት ነው።

ዲስኳ በረኪና ጠብ ቢደረግባትም ባክቴሪያው በዙሪያዋ አይበቅልም። ማንም ግን ይህን አይቶ በረኪና አይጠጣም። ሳህኑ ውስጥ ጨጓራ የለም፣ ጉበት የለም፣ ኩላሊት የለም፣ ደም የለም። አንድ ነገር መድኃኒት ለመሆን ባክቴሪያን መግደሉ አይበቃውም። ተውጦ በጨጓራ አሲድ ሳይበላሽ ማለፍ አለበት። በአንጀት በኩል ወደ ደም መግባት አለበት። ጉበት ሰባብሮ ሳይጨርሰው ሕመሙ ያለበት ቦታ መድረስ አለበት። እዚያም ሲደርስ ባክቴሪያውን ለመግደል የሚበቃ መጠን መኖር አለበት። በዚያ መጠን ደግሞ ሰውየውን መጉዳት የለበትም። ሳህኑ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልፈተነም።

መጠኑ ራሱ ብዙ ይናገራል። ለማነጻጸሪያ የምትቀመጠው ጄንታማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ዲስክ የምትይዘው 10 ማይክሮግራም መድኃኒት ነው። የዕፁ ዲስክ 1 ሚሊግራም ጭማቂ ከያዘች የመቶ እጥፍ ልዩነት አለ ማለት ነው። ስለዚህ «ከአንቲባዮቲክ እኩል ሠራ» የሚል ነገር ስታነቡ ስንት ከስንት ጋር እንደተወዳደረ ፈልጉ። በዚያ ላይ የክቡ ስፋት የሚወሰነው በጉልበት ብቻ አይደለም። ንጥረ ነገሩ በረጋው ምግብ ውስጥ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚሰራጭም ይወስነዋል። ትልቅ ሞለኪውል ብርቱ ሆኖም ክቡ ሊጠብ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ላብራቶሪው የተጠቀመው በሜታኖል የወጣውን ነው። እቤት ያለው ሰው ግራዋውን የሚጨምቀው በውሃ ነው። ሜታኖል የሚያወጣቸውን ንጥረ ነገሮች ሁሉ ውሃ አያወጣም። ስለዚህ ጥናቱ የፈተነው ነገርና ብርጭቆው ውስጥ ያለው ነገር ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ይዘታቸው ይለያያል።

ከሳህን ቀጥሎ አይጥ ይመጣል። በወባ ላይ የሚደረጉ የዕፅዋት ጥናቶች ብዙ ጊዜ ፕላስሞዲየም በርጌይ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ይጠቀማሉ። ይህ ተሕዋስ አይጥን እንጂ ሰውን አያሳምምም። አይጦቹ በአምስት በአምስት ወይም በስድስት በስድስት ይመደባሉ። አንዱ ቡድን የታወቀውን መድኃኒት፣ አንዱ ውሃ ወይም ሌላ ባዶ ፈሳሽ፣ የቀሩት የዕፁን ጭማቂ በተለያየ መጠን ለአራት ቀን ይወስዳሉ። በአምስተኛው ቀን ከጅራታቸው ደም ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ሒሳብ እንሥራ። አይጦቹ በኪሎ 400 ሚሊግራም ወሰዱ እንበል። የአይጥን መጠን ወደ ሰው ለመቀየር ተመራማሪዎች በ12.3 ያካፍሉታል፤ ትንሽ እንስሳ መድኃኒትን ከሰውነቱ የሚያስወግደው በፍጥነት ስለሆነ ነው። ስለዚህ ለሰው በኪሎ 32.5 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል። ለ60 ኪሎ ሰው 2 ግራም አካባቢ ማለት ነው። ግን 2 ግራም የምን? የደረቀ ጭማቂ እንጂ የቅጠል አይደለም። ከደረቀ ቅጠል አንድ አሥረኛው ብቻ ጭማቂ ሆኖ ቢወጣ በቀን 20 ግራም የደረቀ ቅጠል ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ለመነሻ የሚሆን ግምት ነው። «በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚጠጣው?» ብሎ ለጠየቀው ሰው ከአይጥ ጥናት ተነስቶ ቀጥተኛ መልስ መስጠት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ወደ ሰው ስንመጣ ደግሞ ትንሽ ጥናት የባሰ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ሰው ወዲያው ስለሚያምነው ነው። ሁላችንም ያየነውን ላንሳ። በመጋቢት 2012፣ ኮቪድ ዓለምን ባስጨነቀበት ወር፣ ከፈረንሳይ ማርሴይ አንድ ጥናት ወጣ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለው የቆየ መድኃኒት ቫይረሱን ከአፍንጫና ከጉሮሮ ያጠፋል አለ። ውጤታቸው የታየው ሕሙማን 36 ነበሩ። መድኃኒቱን የወሰዱት 20፣ ያልወሰዱት 16። ዓለም ሁሉ መድኃኒቱን ፍለጋ ወጣ።

ጽሑፉን አስተውሎ ላነበበ ሰው ግን ዋናው ነገር እዚያው ውስጥ ተጽፎ ነበር። መድኃኒቱን የጀመሩት 26 ሰዎች ነበሩ። ስድስቱ ከስሌቱ ወጥተዋል። ለምን ወጡ? ሦስቱ ሕመማቸው ጸንቶ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስለገቡ ነው። አንዱ ስለሞተ ነው። አንዱ ከሆስፒታል ወጣ፣ አንዱ አቅለሽልሾት መድኃኒቱን አቆመ። የከፋባቸውን አውጥቶ የቀሩትን መቁጠር መድኃኒቱን የተሻለ አስመሰለው። በዚያ ላይ ማን መድኃኒቱን እንደሚወስድ በዕጣ አልተለየም።

ከዚያ በእንግሊዝ ሪከቨሪ የተባለው ትልቅ ሙከራ መጣ። ሕሙማኑ በዕጣ ተመደቡ። መድኃኒቱን የወሰዱት 1,561፣ የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ያገኙት 3,155 ነበሩ። በ28 ቀን ውስጥ ከወሰዱት 27 በመቶው ሞቱ፤ ካልወሰዱት 25 በመቶው። መድኃኒቱ አላዳነም። የማርሴዩ ጽሑፍም በታኅሣሥ 2017 ከመጽሔቱ ተሰረዘ። አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወር ሲቀረው ማለት ነው።

ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ደግሞ አንድ ጠቃሚ ሕግ አለ፤ ማንም ሰው በጭንቅላቱ ሊያሰላው ይችላል። «30 ሰው ወስዶት አንድም የተጎዳ የለም» ሲባል 3ን ለ30 አካፍሉ። 10 በመቶ ይሆናል። ትርጉሙ ይህ ነው፦ ጥናቱ በትክክል ተሠርቶም እንኳ ከአሥር ሰው አንዱን የሚጎዳ ነገር ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። 300 ሰው ከሆነ 1 በመቶ፣ 3,000 ከሆነ ከሺህ አንድ። ከሺህ አንዱን ዓይነ ስውር የሚያደርግ መድኃኒት በ30 ሰው ጥናት ላይ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ዓይነ ስውር ያልኩት በአጋጣሚ አይደለም። ኮሶን እናውቃለን። ጥሬ ሥጋ ከሚበላበት ቤት የኮሶ ትል አይጠፋም፤ አያቶቻችን በየተወሰነ ጊዜ ኮሶ ይጠጡ ነበር። ትሉን ያስወጣል፤ በዚህ ጥርጥር የለም። ግን ኮሶ ጠጥተው ዓይናቸው የተጎዳ ሰዎች በሕክምና መጽሔት ተመዝግበዋል። መጠኑ ከዛፍ ዛፍ፣ ከእጅ እጅ ስለሚለያይ ማን በስንት እንደሚጎዳ አስቀድሞ ማወቅ ከባድ ነው። «ድሮም እናውቀዋለን» የምንለው ዕውቀት እውነተኛ ዕውቀት ነው፤ እኔ በበኩሌ አከብረዋለሁ። ግን ብዙ ጊዜ የሚነግረን መሥራቱን ነው። ከሺህ አንዱ የሚጎዳበትን ነገር በአንድ ቀዬ የሚኖር ሰው፣ ጎበዝ አዋቂ እንኳ ቢሆን፣ በዕድሜው ላያየው ይችላል።

አሁን ወደ ከብቶቹ እንሂድ። የአገራችንን የእንስሳት ጤና ጥናቶች የሚያነብ ሰው አንድ ቁጥር ደጋግሞ ያገኛል፦ 384። «384 ከብቶች ተመረመሩ»፣ «ከ384 በጎች ሰገራ ተወሰደ»። ሰዎቹ ተነጋግረው አይደለም። ከቀመር የወጣ ነው። አንድ በሽታ ምን ያህል እንደተሰራጨ አስቀድሞ ካልታወቀ 50 በመቶ ተብሎ ይገመታል። ስህተቱ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ፣ እርግጠኝነቱም 95 በመቶ እንዲሆን ይፈለጋል። 1.96 በራሱ ይባዛል፣ በ0.5 ይባዛል፣ እንደገና በ0.5 ይባዛል፣ ከዚያ ለ0.0025 ይካፈላል። 384 ይመጣል። ለሰው ጥናትም ይሠራበታል።

ቀመሩ ትክክል ነው። ግን አንድ ነገር አስቦ ነው የተሠራው፦ እያንዳንዱ ከብት በዕጣ ተመርጧል፣ አንዱም ከሌላው ጋር አይገናኝም ብሎ። የእኛ ከብት እንዲህ አይደለም። የአንድ ቤት በጎች አንድ ሜዳ ላይ ይግጣሉ፣ አንድ ኩሬ ይጠጣሉ፣ አንድ ጋጣ ያድራሉ። አንዱ ትል ካለበት ሌላውም የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው። 384ቱ በጎች ከአሥር መንጋ ብቻ ተወሰዱ እንበል። በአንድ መንጋ ውስጥ ያሉት የመመሳሰላቸው መጠን ከ0 (ምንም) እስከ 1 (ፍጹም) ሲለካ 0.1 ቢሆን፣ ይህም ትንሽ የሚመስል ቁጥር ነው፣ 384ቱ የሚሰጡት መረጃ በዕጣ ከተመረጡ 81 በጎች የሚገኘውን ያህል ብቻ ነው። ያ ሁሉ ሰገራ ተሰብስቦ፣ ያ ሁሉ ማይክሮስኮፕ ታይቶ፣ 81። ከ40 መንጋ ጥቂት ጥቂት በግ መውሰድ ከአሥር መንጋ ብዙ ከመውሰድ በጣም ይሻላል። አድካሚ ነው፤ መኪናና ነዳጅ ይፈልጋል፤ ብዙ ተማሪ ያንን ገንዘብ አያገኝም። በግሉ ልወቅሰው አልችልም። ግን አንባቢው መንጋው ስንት እንደሆነ ማየት አለበት።

ናሙናው ከየት እንደመጣም እንዲሁ ነው። ክሊኒክ ከመጡ ከብቶች የተወሰደ ከሆነ የታመሙት ይበዛሉ። ከቄራ ከሆነ ነጋዴ የመረጣቸው፣ የሰቡ ናቸው። ሁለቱም ስለ ወረዳው ከብት በሙሉ አይናገሩም።

በበግ ትል ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ትሉ በክረምት ይበዛል፤ ዝናቡ ሲያቆምና ሜዳው ሲደርቅ አዲስ የሚገባው ትል ይቀንሳል። እንቆቆ ወይም መተሬ በመስከረም መጨረሻ ተሰጥቶ በጥቅምት መጨረሻ የትሉ እንቁላል ሲቆጠር ቀንሶ ይገኝ ይሆናል። ዕፁ ነው የቀነሰው ወይስ ወቅቱ? ይህን የሚለየው በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ወር ምንም ያልተሰጣቸው በጎች አብረው መቆጠራቸው ብቻ ነው። አልቤንዳዞልን የመሰሉ ዘመናዊ የትል መድኃኒቶች እንኳ የእንቁላሉን ቁጥር ከ95 በመቶ በታች ከቀነሱ ትሉ ተላምዷቸዋል ተብሎ ይጠረጠራል። ዕፁ 60 በመቶ ቀነሰ ከተባለ መልካም ጅማሬ ነው። በጉን ለማዳን ግን ገና ነው።

እስከዚህ የጻፍኩት ትንሽ ጥናት አይረባም ለማለት አይደለም። በ1747 እንደ ፈረንጆቹ፣ ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ መርከብ ሐኪም 12 መርከበኞችን ብቻ ይዞ ሙከራ ሠራ። ሁሉም ድዳቸው በሚደማበት በስከርቪ የታመሙ ነበሩ። ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት መደባቸው። ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ በጥቂት ቀን ተሻላቸው፤ አንዱ በስድስተኛው ቀን ለሥራ ብቁ ሆነ። 12 ሰው በቂ የሆነው ልዩነቱ ግዙፍ ስለነበረና ሌሎቹ አብረው ስለታዩ ነው። ለውጡ ትንሽ ሲሆን ነው ብዙ ሰው የሚያስፈልገው።

ቻይናዊቷ ቱ ዩዩም እንዲሁ። ከድሮ የቻይና መጽሐፍ አንድ ፍንጭ አገኘች፤ ለወባ የሚሆነውን ቅጠል ሳያፈሉ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ መጭመቅ። በ1971 እንደ ፈረንጆቹ፣ ቡድኗ በዝቅተኛ ሙቀት ያወጣው 191ኛው ናሙና የአይጥ ወባን ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በቀጣዩ ዓመት እሷና ባልደረቦቿ መጀመሪያ ራሳቸው ወሰዱት፤ ከዚያ 21 ሕሙማን ላይ ተሞከረ። ሃያ አንድ! ግን እዚያ አላቆመም። ንጥረ ነገሩ ተለየ፣ አርቴሚሲኒን ተባለ፣ በብዙ አገር በብዙ ሺህ ሕሙማን ተፈተነ። ዛሬ ጤና ጣቢያችን ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም ከዚያ የመጣ ነው። እሷም በ2015 እንደ ፈረንጆቹ የኖቤል ሽልማት አገኘች።

የእኛው ደግሞ እንዶድ ነው። በ1964 እንደ ፈረንጆቹ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ቢልሃርዚያን ያጠኑ ነበር። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። አክሊሉ ከማጠቢያው ቦታ ዝቅ ብሎ ውሃው ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አዩ። ቢልሃርዚያ ወደ ሰው ለመድረስ በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት። ቀንድ አውጣው ከሞተ ሰንሰለቱ ይቆረጣል። ከዚያ ላብራቶሪ ገቡ፤ ገዳዩ ሳፖኒን የተባለው፣ አረፋ የሚያወጣው ንጥረ ነገር ሆኖ ተገኘ። እዚያም አልቆሙም። በአድዋ ወንዞች ላይ ለአምስት ዓመት ያህል ሞከሩት፤ በትናንሽ ልጆች ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የእንዶድ ዝርያዎችን ከየቦታው ሰብስበው አወዳደሩ። እንዶድ ሁሉ አንድ አልነበረም። አንዳንዱ ደካማ፣ አንዳንዱ ብርቱ፤ ዓይነት 44 የተባለው ተመረጠ። ሁለቱ በ1989 እንደ ፈረንጆቹ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አብረው ተሸለሙ። ያም ሆኖ የመርዛማነቱ ምርመራ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ባለው ላብራቶሪ ይሠራ ተብሎ ዓመታት ሄዱ። ያንን ምርመራ የሚከፍል ሲጠፋ ጥሩ ግኝት መንገድ ላይ ይቀራል።

እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን አንዱ ተማሪ ዳማከሴን፣ ሌላው ብሳናን፣ ሌላው ፈጦን በየሳህኑ ይፈትናል። ጽሑፉ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብሎ ያልቃል። ተጨማሪውን የሚሠራ ግን አይገኝም፤ ቀጣዩ ተማሪ አዲስ ዕፅ እንዲያመጣ ይጠበቅበታል። ይህ መለወጥ ይችላል፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። አንድ ዕፅ ይመረጥ፤ ለምሳሌ ለበግ ትል እንቆቆ። ፍሬው ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ወር ይለቀም፤ አንድ ላይ ይፈጭና ለጎንደር፣ ለሐዋሳ፣ ለጅማ፣ ለመቀሌ፣ ለሐሮማያ ይከፋፈል። አምስት ተማሪዎች በአንድ ዘዴ፣ በየአካባቢያቸው በጎች፣ ካልተሰጣቸው በጎች ጋር እያነጻጸሩ ይፈትኑት። ውጤቱ አልሠራም ከሆነም ይታተም። አምስቱም ትንሽ ጥናት ናቸው፤ አንድ ላይ ሲደመሩ ግን በወረዳ ያለ የእንስሳት ሐኪም ለገበሬው አፉን ሞልቶ «ስጥ» ወይም «ተው» የሚልበት መረጃ ይሆናሉ።